«ለምጄዋለሁ እኮ»፦ የጋራዣችን መብራትና ሶኬት

በዚህ ዕትም ስለ ጋራዥ እንጨዋወታለን። አንዳንድ እህቶች ገና ከአሁኑ «ይህ የወንዶች ጉዳይ ነው» ብለው ገጹን ሊገልጡት እንደሚችሉ እገምታለሁ። እኔም ለብዙ ዓመታት እንደዚያ ስል ኖሬያለሁ። ይሁን እንጂ በአገራችን ጋራዥ መኪና የሚያድርበት ክፍል ብቻ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በብዙ ቤቶች እንጀራ የሚጋገረው፣ ልብስ የሚተኮሰው፣ ድግስ ሲኖር ወጥ የሚሠራው፣ ባል በትርፍ ጊዜው መዶሻና መጋዝ የሚያነሣው፣ በክረምት ልጆች ኳስ የሚጫወቱት እዚያው ነው። ታዲያ ይህን ሁሉ የሚሸከመው ክፍል ብዙውን ጊዜ ያለው አንድ አምፖልና በመስኮት የገባ አንድ ኤክስቴንሽን ነው።

የእኛም ቤት ከዚህ የተለየ አልነበረም። ቤታችንን ስንሠራ ገንዘባችን ወደ መጨረሻው አልቆ ስለነበር ጋራዡ ግድግዳና ጣሪያ ብቻ ሆኖ ቀረ። «ለጊዜው» ብለን ከወጥ ቤቱ ሶኬት ላይ ገመድ በመስኮት አሳለፍን። ያ «ለጊዜው» ዘጠኝ ዓመት ቆየ።

በአንድ የክረምት ቅዳሜ እንግዶች ስለነበሩን አብራን የምትኖረውና በሥራ የምታግዘን ልጅ ከጠዋት ጀምሮ ጋራዡ ውስጥ እንጀራ ትጋግር ነበር። ዝናቡ በበሩ ሥር ገብቶ ወለሉን አርሶታል። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ የሆነ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ። ሮጬ ስደርስ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ቀኝ እጇን በግራ እጇ ጨብጣለች። ፊቷ አመድ መስሏል። «ምን ሆንሽ?» አልኳት። «ኮረንቲው ያዘኝ፣ እትዬ» አለችኝ። ባለቤቴ ብሬከሩን አጠፋና ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ልቧን መርምረው ደህና መሆኗን ነገሩን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፋለች።

በመንገድ ላይ ግን አንድ ጥያቄ ጠየቅኳት። «ከዚህ በፊትስ ነዝሮሽ ያውቃል?» «ሁልጊዜ ትንሽ ትንሽ ይነዝራል። ለምጄዋለሁ እኮ። ለዚህ አይደል ሳንቃዋ ላይ ቆሜ የምጋግረው? ዛሬ ሳንቃዋ ስለራሰች ነው።»

ሳንቃዋን በየቀኑ አያት ነበር። እግሯን እንዳይበርዳት ያደረገችው ይመስለኝ ነበር። አንድም ቀን ግን «ለምንድን ነው?» ብዬ አልጠየቅኳትም።

ያን ዕለት ማታ

ለባለትዳሮች ስለምጽፍ ያን ዕለት ማታ የሆነውን ልደብቃችሁ አልፈልግም። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ እኔና ባለቤቴ ተጣላን። እኔ «ስንት ጊዜ አሠራው አልኩህ?» አልኩ። እርሱም «ምጣዱን ኤክስቴንሽን ላይ የሰካሽው አንቺ አይደለሽም?» አለ። ሁለታችንም እውነት ተናግረናል። ሁለታችንም እውነቱን የተናገርነው ግን ሌላውን ለመክሰስ ነበር።

ዝም ዝም ተባብለን ከቆየን በኋላ ኦሪት ዘዳግም 22፥8 ትዝ አለኝ። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ በዚህ መጽሐፍ ተፈትኜ ጥሩ ውጤት አምጥቼበታለሁ። ሕጉ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ፣ ከዚያ ሰው ወድቆ ቢሞት የደሙ ዕዳ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ያዛል። በዚያ ዘመን ሰገነት ሰው የሚሠራበት፣ የሚያርፍበትና የሚተኛበት ቦታ ነበር። ሕጉ ወዳቂው ልጅ ይሁን ሠራተኛ፣ እንግዳ ይሁን ዘመድ አይለይም። የሚጠይቀው ባለቤቱን ነው። ይህን ለባለቤቴ ስነግረው ጥቂት ዝም አለና «እንግዲህ ሰኞ ባለሙያ እጠራለሁ» አለኝ። ጠራም።

ባለሙያው ያገኘው ነገር

የመጡት በኤሌክትሪክ ሥራ ፀጉራቸው የሸበተ፣ የሙያ ማረጋገጫ ያላቸው አባት ነበሩ። ሥራቸውን የጀመሩት ጋራዡን በማየት ሳይሆን ቆጣሪው አጠገብ ያለውን የብሬከር ሳጥን በመክፈት ነው። ያገኙትን አንድ በአንድ እነግራችኋለሁ፤ ምናልባት የእናንተም ቤት ይገኝበት ይሆናል።

አንደኛ፣ ብዙዎቹ የእንጀራ ምጣዶች ከ3,000 ዋት በላይ ይወስዳሉ። የእኛ 3,500 ዋት ነው። የአገራችን የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ስለሆነ 3,500ን ለ220 ስናካፍል ወደ 16 አምፔር ይመጣል። የእኛ ኤክስቴንሽን ግን ላዩ ላይ «10 አምፔር» የሚል ተጽፎበታል፤ ይኸውም ቢበዛ 2,200 ዋት ብቻ ይችላል ማለት ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከአቅሙ በላይ አሸክመነዋል። ገመዱን ሲያጥፉት ሽፋኑ እንደ ደረቀ ቅጠል ተሰባበረ። የተረፈውን ገመድ ጠቅልለን ማስቀመጣችንም ሙቀቱ እንዳይወጣ አድርጎታል።

ሁለተኛ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ብሬከሩ በየጊዜው እየወረደ ሲያስቸግረን የ16 አምፔሩ በ32 ተቀይሮ ነበር። ያኔ «ችግሩ ተፈታ» ብለን ደስ ብሎን ነበር። ባለሙያው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «እህቴ፣ ብሬከሩ ያለቅሰው የነበረው ስለ ሽቦው ነው። እናንተ ልቅሶውን ዝም አሰኛችሁት እንጂ ሽቦውን አላዳናችሁትም» አሉኝ። ብሬከር ሽቦው ከሚችለው በላይ ሲሸከም እንዲያቋርጥ የተሠራ ነው። ሽቦው ቀጭን ሆኖ ብሬከሩ ትልቅ ከሆነ ብሬከሩ ከመውረዱ በፊት ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይነድዳል።

ሦስተኛ፣ የምጣዱ የውስጥ ሽቦ ተልጦ የብረት አካሉን ይነካ ነበር። የምድር መስመር ቢኖረው ኖሮ ኮረንቲው በዚያ በኩል ሄዶ ብሬከሩን ያወርደው ነበር። የእኛ ኤክስቴንሽን ግን ባለ ሁለት ሽቦ ነበር። ስለዚህ ኮረንቲው ወደ መሬት የሚሄድበት ሌላ መንገድ አላገኘምና የልጅቷን አካል መንገድ አደረገው።

መስመሩ ለብቻው ይሁን

መፍትሔው ሌላ ወፍራም ኤክስቴንሽን መግዛት አልነበረም። ጋራዡ ከዋናው ሳጥን የራሱ መስመር እንዲወጣለት ተደረገ። እርሳቸው የዘረጉልን እንዲህ ነው፦ ለመብራቱ 1.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦ ከ10 አምፔር ብሬከር ጋር፤ ለተራ ሶኬቶች 2.5 ሽቦ ከ16 አምፔር ብሬከር ጋር፤ ለምጣዱ ብቻ ደግሞ 4 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦ ከ20 አምፔር ብሬከር ጋር። ሽቦዎቹ በሙሉ በቱቦ ውስጥ ያልፋሉ፤ በምስማር የተንጠለጠለ ነገር የለም። መንገዱ ረጅም ከሆነ ወይም ብዙ ሽቦ በአንድ ቱቦ ከሄደ መጠኑ ሊጨምር ስለሚችል ይህን ቁጥር ለባለሙያ ማነጋገሪያ እንጂ ራሳችሁ እንድትሠሩበት አልጻፍኩትም።

መብራትና ሶኬት በተለያየ ብሬከር መሆናቸው ሌላም ጥቅም አለው። ባለቤቴ በመጋዝ ማሽን ሲሠራ የሶኬቱ ብሬከር ቢወርድ መብራቱ አብሮ አይጠፋም። ምላጩ ገና እየተሽከረከረ ሳለ ጨለማ ውስጥ መቆም ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ለማሰብ ብዙ አያስቸግርም።

የምድር መስመርና ነፍስ አዳኟ መሣሪያ

ሦስተኛው ሽቦ፣ አረንጓዴና ቢጫ መስመር ያለው፣ የምድር መስመር ነው። ጓሮ ላይ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ዘንግ ጋር ይገናኛል። ይህን ስፒናው ላይ ያለውን የምድር መስመር የሚቆርጥ ባለ ሁለት እግር ማስተላለፊያ መጠቀም እንደሌለብን ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ከዚህ ጋር አንዲት ትንሽ መሣሪያ አስገጠምን። ባለሙያዎች አርሲዲ ይሏታል። የምትሠራው እንዲህ ነው፦ በአንደኛው ሽቦ የሄደው ኮረንቲ በሌላኛው ተመልሶ መምጣቱን ትቆጣጠራለች። ከሄደው ላይ 30 ሚሊ አምፔር ያህል ከጎደለ ወደ ሰው አካል ወይም ወደ መሬት ፈስሷል ማለት ስለሆነ ዓይን ሳይጨፈን ታቋርጣለች። 30 ሚሊ አምፔር ማለት 16 አምፔር ብሬከር ከሚችለው ከ500 ጊዜ በላይ ያነሰ ነው። ሰውን ሊገድል የሚችለው ኮረንቲ ተራው ብሬከር ጭራሽ የማይሰማው ያህል ትንሽ ነው። ተራው ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ሰውን የምትጠብቀው ይህች ናት። ፊቷ ላይ ያለችውን መሞከሪያ ቁልፍ እኛ በየወሩ መጀመሪያ እንጫናለን፤ ካላቋረጠች ትቀየራለች።

ሶኬቱ የት ይሁን?

እዚህ ላይ የማልረሳው ነገር ሆነ። ባለሙያው እርሳሳቸውን ይዘው ግድግዳው ፊት ቆሙና ዞር ሲሉ እኔን ወይም ባለቤቴን የሚጠይቁ መስሎኝ ነበር። እርሳቸው ግን ልጅቷን «ልጄ፣ እዚህ የምትሠሪው አንቺ ነሽ። የት ቢሆን ይመችሻል?» አሏት። እርሷም አፍራ ከቆየች በኋላ ከውኃ ቧንቧው ራቅ ያለውን፣ ደረቷ ትክክል የሆነውን ቦታ አሳየች። ምጣዱን ለማጥፋት እንዳታጎነብስ፣ ውኃም እንዳይረጭበት። ባለሙያው «ልክ ነሽ» ብለው እዚያው ምልክት አደረጉ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

በጋራዥ ውስጥ ሶኬት ከፍ ማለቱ ሌላም ምክንያት አለው። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ ሶኬት ወይም ማብሪያ ማጥፊያ ደግሞ ሲነካ ትንሽ ብልጭታ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ከወለል ቢያንስ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ለሥራ ጠረጴዛ 1 ሜትር ከ10 ያህል ከፍታ ምቹ ነው። የሶኬቱ ቁጥርም አይነስ። አንድ ሶኬት ብቻ ባለበት ቤት ኤክስቴንሽን ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም። ውኃና አቧራ በሚበዛበት ቦታ ክዳን ያለው ሶኬት ይመረጣል። ቤንዚን በጀሪካን ጋራዥ ውስጥ የምታስቀምጡ ደግሞ እባካችሁ ዛሬውኑ አውጡት።

ብርሃኑስ?

መካከል ላይ ያለች አንዲት አምፖል ሁልጊዜ ከጀርባችን ስለምታበራ የምንሠራበትን ቦታ የራሳችን ጥላ ይጋርደዋል። የመኪናው ኮፈን ሲከፈት ደግሞ ብርሃኑን ጨርሶ ይዘጋዋል። እኛ ሁለት 18 ዋት የሆኑ፣ 1 ሜትር ከ20 የሚረዝሙ የኤልኢዲ መብራቶችን አንዱን በሥራ ጠረጴዛው በላይ፣ ሌላውን በምጣዱ በኩል አሰቀልን። ሁለቱ ተደምረው 36 ዋት ናቸው። ያቺ አሮጌ አምፖላችን ብቻዋን 60 ዋት ትበላ ነበር! ግድግዳውን ነጭ ቀለም ስንቀባው ደግሞ መብራት የጨመርን ያህል ሆነ።

በሚሽከረከር ማሽን ለሚሠሩ አንድ ማሳሰቢያ፦ የድሮው ዓይነት ፍሎረሰንት በሰከንድ 100 ጊዜ ስለሚርገበገብ የሚዞረውን ምላጭ የቆመ አስመስሎ ሊያሳይ ይችላል። እንዲህ ያለ መብራት ካላችሁ ቀይሩት።

ማብሪያው ደግሞ በሁለት በኩል እንዲሠራ ሆኗል፤ አንዱ በትልቁ በር፣ ሌላው ወደ ቤት በሚያስገባው በር። ማንም ሰው በጨለማ እየዳበሰ መግባት የለበትም።

ጄኔሬተር፣ ከሰልና አዲሶቹ መኪኖች

መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተርን ጋራዥ ውስጥ ማስነሣት ነፍስ ያጠፋል። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ሰው ሳይታወቀው ያሸልባል። በሩን ገርበብ ማድረግም አይበቃም። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ የሚቀጣጠል ከሰልም ያው ነው። ደግሞም በሁለቱም ጫፍ ስፒና ባለው ገመድ ጄኔሬተርን በሶኬት በኩል ለቤቱ ማገናኘት አይገባም። ኮረንቲው ወደ ውጭው መስመር ተመልሶ ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል። ዋናውንና ጄኔሬተሩን የሚለይ መቀየሪያ በባለሙያ ይገጠም።

አገራችን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ መኪኖች በየሰፈሩ በርክተዋል። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር ብዙ ጊዜ 10 አምፔር ያህል ይስባል። ብዙ አይመስልም፤ ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ ሳያቋርጥ ነው የሚስበው። ምጣድ ሁለት ሰዓት ሠርቶ ያርፋል፤ መኪና ግን ስምንት ሰዓት ይጠጣል። የላላ ሶኬት፣ የስፒና ማስተላለፊያና ኤክስቴንሽን በዚህ ጊዜ ነው የሚቀልጡት፤ ያውም ሁላችን ተኝተን ሳለን። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው 32 አምፔር ቻርጀር ደግሞ ወደ 7,000 ዋት ይወስዳል፤ ይህም የሁለት ምጣድ ያህል ነው። ስለዚህ የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከርና ለመኪና ቻርጅ የሚስማማ ዓይነት አርሲዲ ያስፈልገዋል። ከዚያ በፊት ቆጣሪያችሁ ይህን ጭነት መቻሉ ይጣራ።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

«የቄስ ቤት ገንዘብ ከየት አምጥቶ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እኛም በአንድ ጊዜ አልጨረስነውም። ባለሙያው እንደ አስፈላጊነቱ ቅደም ተከተል አወጡልን። በመጀመሪያው ሳምንት አሮጌው ኤክስቴንሽን ተጣለ፣ ምጣዱ ተጠገነ፣ ብሬከሩ ተስተካከለ፣ የምድር መስመርና አርሲዲ ገባ። እስከዚያ እንጀራ ከጎረቤት ገዛን። ሶኬቶቹ በሁለተኛው ወር፣ መብራቱና ቀለሙ ደግሞ በሦስተኛው ወር ተሠሩ። ለሳሎን መጋረጃ ያጠራቀምኩት ገንዘብ ለሽቦ ዋለ። መጋረጃው እንግዳ ያየዋል፤ ሽቦውን ማንም አያየውም። ለዚህ ይመስለኛል ዘጠኝ ዓመት የቆየው።

በኪራይ ቤት የምትኖሩም አከራያችሁን በትሕትና አነጋግሩ። እስከዚያው ግን ምጣድን ኤክስቴንሽን ላይ አለመሰካት፣ የላላ ሶኬትን አለመጠቀምና እርጥብ ወለል ላይ በባዶ እግር አለመሥራት ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ኮረንቲ ሰው ቢይዝ በእጃችሁ አትንኩት፤ መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉ። ያ ካልተቻለ በደረቅ እንጨት ከሽቦው አላቅቁት። ደህና ቢመስልም ወደ ሐኪም ውሰዱት። ከሽቦ በተነሣ እሳት ላይ ውኃ አታፍስሱ።

ከትዳር ጓደኛችሁ ጋር ተወያዩበት

1. በቤታችን «ለጊዜው» ተብሎ የተሠራና እስካሁን ያለ ነገር የትኛው ነው?

2. ጋራዡን፣ ወጥ ቤቱንና ሰርቪሱን ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቀምበት ማን ነው? ስለ ቦታው ጠይቀነው እናውቃለን?

3. ኤክስቴንሽኖቻችን ላይ የተጻፈው አምፔር ስንት ነው? ምን ምን ሰክተንባቸዋል?

4. ስለዚህ ጉዳይ ስንነጋገር እየተመካከርን ነው ወይስ እየተካሰስን?

ልጅቷ አሁንም አብራን ናት፤ ማታ ማታ ትማራለች። ባለፈው ሳምንት ጋራዥ ስገባ አዲሱ መብራት ሥር ደብተሯን ዘርግታ ስታነብ አገኘኋት። ሳንቃዋ በዚያ የለችም። «የት አደረግሻት?» ብላት «አንድዳት ብዬ ለጎረቤት ሰጠኋት፣ እትዬ» አለችኝ።

እስከሚቀጥለው ዕትም ሰላም ሁኑ።